አሥራ አምስት ሜትር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ፊዚክስ ነበረን። የቤት ሥራውን ስልኬ ሠራው፣ እኔ ገለበጥኩ። ከነሐሴ ወዲህ እንደዚሁ ነው። ማን ይቆጣኛል? ወንድሙ የሞተበት ልጅ ነኝ...
ቲቸር አምኃ ደብተሬን አየ። "ጥሩ ነው። ማን ሠራው?"
"ስልኬ።"
ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልተቆጣም። "እሺ፣ ስልክህ ምን ምን ገምቶ ነው እዚህ የደረሰው?"
ደብተሬን ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይቱ እማዬን ሊያጽናኑ መጡ። "ምን ይደረግ፣ ልጅ ሲፈጥን..." አሉ። ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ወንድሜ ታዲዎስ በሞተር ዴሊቨሪ ይሠራ ነበር፣ ስለዚህ ፈጥኖ ነው የሞተው። በቃ።
እሳቸው ሲወጡ እማዬ "ሞተሩን የፈቀድኩለት እኔ ነኝ" አለች። ለማን እንደተናገረች እንጃ።
ስልኬን ጠየቅኩት። ትራፊክ ፖሊሱ ለአባዬ የነገረውን ጻፍኩለት... መስቀል ፍላወር መንገድ ላይ፣ ፍሬን ይዞ አሥራ አምስት ሜትር ተንሸራተተ፣ ሊቆም ሲል ወደቀ፣ ጭንቅላቱ የመንገዱን ጠርዝ መታ። በስንት እየነዳ ነበር?
"በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ገደማ።" ወዲያው መለሰ።
52? እዚያ ግርግር ውስጥ? የሰፈሩ ሰዎች እውነታቸውን ነው ማለት ነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ቲቸር አምኃ ግቢው አስፋልት ላይ አወጣን። የአሮጌ ጎማ ቁራጭ፣ ላዩ ላይ ብሎኬት፣ ከፊቱ የስፕሪንግ ሚዛን። ሳዳም እንዲጎትት ታዘዘ።
"ቲቸር፣ በግ ነው እንዴ የምጎትተው?"
"በግ ይሻልህ ነበር። እሱ ቢያንስ ራሱ ይራመዳል።"
መጀመሪያ በደረቁ ጎተተ፣ ቁጥሩን ጻፍን። ከዚያ ቲቸር አንድ ባልዲ ውኃ አስፋልቱ ላይ ደፋ። "ከመጎተቱ በፊት ግምታችሁን ጻፉ! ይጨምራል ይቀንሳል? በስንት?"
ጩኸት ሆነ። ሳምራና ሳዳም ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ስልክ ያወጣ አንድም ሰው አልነበረም... እኔ ራሴ ያስተዋልኩት በኋላ ነው። እንዴት አድርጎ ነው እንደዚህ የሚያደርገን?
ሳዳም እንደገና ጎተተ። የሚዛኑ ቁጥር በጣም ወረደ።
 ታዲዎስ የሞተ ቀን ዝናብ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ከክፍል በኋላ ቀረሁ። ለቲቸር አምኃ ሁሉንም ነገርኩት። ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። "አይዞህ" አላለኝም። ወንበር ሳበልኝ።
"ስልኩ መንገዱ እርጥብ ነው ወይ ብሎ ጠይቆሃል?"
"አልጠየቀኝም።"
"አንተስ ነግረኸዋል?"
"...አልነገርኩትም።"
"ደረቅ ነው ብሎ ገምቷል ማለት ነው። በል አሁን አንተ ሥራው።" ጠመኔውን ሰጠኝ። ዓርብ ባገኘነው ቁጥር ሠራሁ።  39 መጣ።
"አልፈጠነም! ቲቸር፣ አልፈጠነም!"
"ቆይ። ግቢያችን መስቀል ፍላወር አይደለም። ጎማውም የሱ አይደለም።"
ተናደድኩ። "ታዲያ ምን ልበል?"
"የምታውቀውን ብቻ።"
እርጥብ መንገድ ጎማን ምን ያህል እንደሚይዝ በትንሹም በትልቁም እየገመትን ደጋግመን ሠራነው። ከ34 እስከ 44። ከዚህ በላይ ማወቅ አንችልም አለኝ። 39ኙን ይዤ ደስ ብሎኝ እንድሄድ ሊተወኝ ይችል ነበር። አልተወኝም። እንደሱ ያከበረኝ ሰው ከነሐሴ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
የቤት ሥራውን ራሴ ሠራሁ። ሁለቱን ተሳሳትኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
እትዬ ፀሐይቱ መጡ። ያንኑ ሊጀምሩ ሲሉ "እትዬ፣ ፈጥኖ ነበር ማለት አይቻልም" አልኩ።
"አንተ ደግሞ ይህን ከየት አመጣኸው?"
"ሠርቼው። መንገዱ እርጥብ ነበር።"
"እና ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው?"
"እሱን በትክክል አላውቅም። ስልኬ እንዳለው 52 ግን አልነበረም።"
 እማዬ ቀና አለች። "እስቲ እኔም እንዲገባኝ አድርገህ ንገረኝ።"
አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቁጥሩን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።
"እማዬ፣ መንገድ ሲረጥብ ጎማ ምን የሚሆን ይመስልሻል?"

"መሬቱ ይከዳዋል" አለች።