በርጋጊ የተባለችው ሞተር

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ባፈና፤ ከልጅዎ ከስንዱ።

አባየ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ኅዳር ሲገባ ብርዱ ቀኝ ጉልበትዎ ላይ እንደሚቀመጥ ስለማውቅ፣ እዚህ ሃይፋ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እርስዎ ነዎት ትዝ የሚሉኝ። የላክሁት የሱፍ ካልሲ ደረሰዎት? ደርሶ ከሆነ ይልበሱት እንጂ፣ ለክት ብለው ሣጥን ውስጥ እንዳይቆልፉበት። ዓይንዎስ? እህልስ እንደ ልብ ይበላሉ? ወንድሜ ሙላት ሳልዎ ተሽሎዎታል ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ እሱ ግን ሰው እንዳይጨነቅ ነገር ማለስለስ ስለሚወድ፣ እርስዎ በአፍዎ ነግረው ያጽፉልኝ።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ካሳው ደህና ነው፣ ልጃችን ኮኮብም ደህና ናት። ደህና ነን ስል በጤና ማለቴ ነው እንጂ፣ ካሳውስ አንጀቴን አሳርሮታል። ስልክ ደውየ እንዳልነግርዎት አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ስለዚህ ነው ብዕር ያነሣሁት። ሙላት ሲያነብልዎት አንድም መስመር አይዝለል። አንተ ሙላት፣ ሰምተሃል? «አማቼን አላሳማም» ብለህ እንዳትቆራርጠው።

ሥራየን ያውቁታል፤ ሲማ የምትባል አሮጊት እጦራለሁ። ከአልጋ አነሣታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ ቁርሷን አበላታለሁ። ስድስት ዓመት ሆነን፤ «ስንዱሌ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ልጇ ማልዳ ሥራ ስለምትሄድ፣ እኔ እስክደርስ ሲማ ተኝታ ኮርኒስ ኮርኒሱን ስታይ ነው የምትቆየው። ቤታቸው ደግሞ ገጠር ነው። ከሰፈራችን ከሃሊሳ በአንድ አውቶቡስ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ በሌላው ቲራት ካርሜል እደርሳለሁ፣ ሦስተኛው ዋናው መንገድ ዳር ይጥለኛል። ከዚያ በአቮካዶው ተክል መሐል በጠጠር መንገድ ግማሽ ሰዓት በእግሬ። አንዱ አውቶቡስ ከዘገየ ሁሉም ተበላሸ ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ሁለት ጊዜ አረፈድሁ። ልጅቱ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እያፈረች ነው የተናገረችኝ። «ስንዱ፣ እናቴ እርጥብ አንሶላ ላይ ሆና ስትጠብቅ ማየት አልችልም። አንድ ጊዜ ከደገምሽ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው» አለች። እውነቷን ነው። እርስዎን እንደዚያ የሚያስጠብቅ ሰው ባገኝ እኔስ እምረው ነበር?

ስለዚህ ሞተር ልግዛ አልሁ። እዚያ ጎንደር ጎረምሶቹ የሚያጓሩበትን ትልቁን ማለቴ አይደለም። ስኩተር የምትባል ትንሽየዋ ናት። አንፈራጠው አይቀመጡባትም፤ እንደ በርጩማ ቁጭ ብለው እግርዎን ከፊት ይገጥማሉ፤ ቀሚስ ለለበሰ ሰው አስበው የሠሯት ነው የምትመስለው። ማርሽ የላትም። የቀኝ እጅ መያዣዋን ወደ ራስ ሲጠመዝዟት ትሄዳለች፣ ሲለቋት ትቀዘቅዛለች፣ ፍሬኗ በጣት ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ ኋላ ይመጣል። በአርባ ስድስት ዓመቴ ተምሬ፣ ጥያቄውን በአማርኛ እያነበቡልኝ ተፈትኜ፣ ሪሺዮን የሚሉትን የመንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አባየ፣ ፎቶየ አለበት። ፎቶው ላይ የተቆጣሁ እመስላለሁ፤ ያኔ ግን ገና አልተቆጣሁም ነበር።

ካሳው «ሴት ልጅ በሞተር?» ብሎ ይነሣብኛል ብየ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልተነሣብኝም። ደስ አለው! ጉዴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። «እኔ እመርጥልሻለሁ» አለ። «ከአባትሽ ጋር ስንት የበቅሎ ገበያ የወረድሁ ሰው ነኝ። ምርጫውን ለኔ ተይው።» እኔ ሞኟ ተውሁት።

መጀመሪያ ክርያት ቢያሊክ ከተማ የምትሸጥ አለች ተብሎ ሦስታችንም ሄድን። በሞተሯ ጉልበት ሃምሳ የሚሏት፣ ከሁሉ ትንሿ ናት። ካሳው አልቀረባትም፤ ከሩቅ ቆሞ አያት። ከዚያ ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ኋላዋን መታ መታ አደረገ፣ ተንበርክኮ ጎማዋን እንደ ኮቴ ዳበሰ፣ ወንበሯን ከፍቶ ውስጧን እንደ አፍ ተመለከተ። ጥርስ ቢያገኝ ይቆጥር ነበር፣ እውነቴን ነው። ሰውየው ወረቀቷን ዘርግቶ ቆሟል። ካሳው «ዋስህ ማነው?» አለው። ኮኮብ ፊቷ በርበሬ መስሎ በዕብራይስጥ አስተረጎመች። «ይኸው ወረቀቱ» ይላል ሰውየው። «ወረቀት አይደለም የጠየቅሁት፣ ሰው ነው! ነገ ባለቤት ነኝ የሚል ቢመጣ ማን ቤት ገብቼ እይዝሃለሁ?» ይላል ካሳው። ሰውየው ሌባ የተባለ መሰለው። ወረቀቱን አጥፎ «ለእናንተ አልሸጥም» ብሎ ገባ። ኮኮብ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ቀድማን ሄደች። አውቶቡሱ ላይ ግን «አባ፣ ዳይ፣ ይበቃል! ልጅህን ልትድርለት ነው እንዴ ሰባት ቤት የምትቆጥርለት?» ብላ አሳቀችኝ። እሱ አልሳቀም።

ቀጥሎ ያየነው ትልቅ ነበር፤ ስቀመጥበት እግሬ መሬት አይነካም። ካሳው «ኃይለኛ ነው፣ ሁለት ሰው ይሸከማል» ብሎ ወደደው። «የምነዳው እኮ እኔ ነኝ» አልሁት። «ቤሰደር፣ እሺ ገብቶኛል» አለና ትንሽ ቆይቶ «ሁለት ሰው ይሸከማል» አለኝ። ሌላኛውን ደግሞ የባለቤቱ ዓይን አላማረኝም አለ። የአንዱ ሻጭ ቶሎ ተስማማ፣ ነውር ባይኖራት ኖሮ መቼ እንዲህ ይቸኩላል አለ። የአንዱ አልስማማም ሲል ትዕቢተኛ ነው አለ። እንዲህ ሲል ወር አለፈ። እኔ በየጧቱ ልቤ እየደለቀ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እሮጣለሁ፣ ማታ ስገባ እሱ ስለ ሞተር ባሕርይ ያስተምረኛል።

መጨረሻ ላይ ሓጎስ ዘንድ ደረስን። ሓጎስ የትግራይ ሰው ነው፤ ቲራት ካርሜል፣ ፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ ሞተር የሚጠግንበት ግቢ አለው፤ ያደሳትንም ይሸጣል። መቶ የምትባል፣ ከሃምሳዋ ከፍ ከትልቁ ዝቅ ያለች ሰማያዊ አወጣልን። እኔ ልቀመጥባት ስጠጋ ካሳው «ቆይ፣ እርምጃዋን ልይ» ብሎ ቀደመኝ። «ፈቃድ የለህም» ብለው «ግቢ ውስጥ ነው» አለ። አስነሣት። ቀስ ብላ ሄደች፤ እሱም ሰጋር በቅሎ ላይ እንዳለ ሰው ደረቱን ነፋ። ግቢው ጫፍ ሲደርስ ሊያቆማት ፈለገ። አባየ፣ ምን አደረገ ይመስልዎታል? ልጓም የያዘ መስሎት መያዣዋን በሁለት እጁ ወደ ደረቱ ሳባት! መሳብ ለሷ ሂጂ ማለት ነው። ዘለለች። እሱ «ቁሚ! ቁሚ አንች!» እያለ የባሰ ይጎትታል፣ እሷ የባሰ ትሮጣለች፣ ሓጎስ «ልቀቃት! ልቀቃት!» እያለ ከኋላ ይከተላል። ሄዳ የአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ተሰካች። ካሳው ጎማው መሐል ቁጭ ብሎ ቀረ። ሮጬ ደረስሁ፤ ደም የለም፣ ስብራት የለም፣ ባርኔጣው ብቻ የለም። ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሞተሯን ቁልቁል አያትና ምን ቢል ጥሩ ነው? «በርጋጊ ናት» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሞተር የሚባል ነገር ደጄ አይቆምም አለ። «አባትሽ እዚህ ቢኖሩ በርጋጊ ላይ አያስቀምጡሽም። እሳቸው ይጻፉልኝና እፈቅዳለሁ» ብሎ እርስዎን ጋሻ አደረገዎት። የነደድሁት እዚህ ላይ ነው! የመረጠው እሱ፣ የወደቀው እሱ፣ ቅጣቱ ለኔ። በዚያው ሳምንት ሦስተኛው አውቶቡስ ቀረ። እየለመንሁ በሰው መኪና ዋናው መንገድ ዳር ደረስሁ፣ ጫማየን በእጄ ይዤ በጠጠሩ ላይ ሮጥሁ፤ ከሰዓቴ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ገባሁ። ሲማ «ስንዱሌ፣ ምን አሳደደሽ?» አለችኝ። አውቶቡስ ነው ልላት አልሁና እንባየ መጣ። «ባሌ ነው» አልኋት።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ብቻየን ሓጎስ ዘንድ ሄድሁ። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ባልሽ ደህና ነው?» ብሎ ሳቀና፣ ወር ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። «የሚነዳት ማን ነው? መንገዱስ ምን ይመስላል?» አለኝ። የሃሊሳን ዳገት፣ የዋናውን መንገድ፣ የአቮካዶውን ጠጠር ነገርሁት። «እንግዲያ ሃምሳዋ ዳገቱ ላይ ታቃስትብሻለች፣ ዋናው መንገድ ላይም የጭነት መኪና ጡሩምባ እየነፋ ከኋላ ይጠጋሻል። ትልቁ ደግሞ ጠጠር ላይ ቢያጋድል አታነሽውም። ይችው ሰማያዊዋ ጎማዋ ተለቅ ያለ ነው፣ እግርሽ መሬት ይረግጣል፣ ፈቃድሽም ይበቃታል። መስታወቷን ካሳው ስለጠመዘዘው ቀይሬልሻለሁ» አለኝ።

ተቀመጥሁባት። መያዣዋን ጨበጥሁ። ያኔ ምን ትዝ አለኝ መሰለዎት? እናቴ ምጥ ተይዛ፣ እርስዎ ወባ ጥሎዎት፣ እኔን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዳማዋ በቅሎ ላይ አውጥተው አዋላጇን እንዳመጣ የሰደዱኝ። እግሬ እርካቡ አይደርስም ነበር። «ስትደነግጭ አትሳቢያት፤ እጅሽን አላልተሽ ያዥ» አሉኝ። ወንዙ ዳር በረገገች፤ አላላሁላት፤ ቆመች። ሙላትም ይኸው በሰላም ተወልዶ ደብዳቤ ያነባል። ሓጎስ ግቢ ውስጥም መያዣዋን ስጠመዝዛት ደንገጥ አደረገችኝ። እጄን አላላሁ። ቆመች። «ማን አስተማረሽ?» አለ ሓጎስ። «አባቴ» አልሁት።

እዚያው ገዝቻት እየነዳሁ ወጣሁ፤ ይኸው ሦስት ሳምንቴ ነው። አንድ ቀን አላረፈድሁም። ጠጠሩ ላይ ስመጣ ሲማ የሞተሯን ድምፅ ለይታ፣ በሩን ሳልከፍት «ስንዱሌ!» ትላለች። ካሳው ግን ሞተሯን እስካሁን እንደተጣሉት ጎረቤት አያያትም፤ በአጠገቧ ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል። «ያች በርጋጊሽ» ይለኛል። ይለኛል እንጂ፣ እዚህ ሌሊት ጤዛው ከባድ ነው፤ የሁሉም ሰው ሞተር ጧት እርጥብ ነው፣ የኔ ወንበር ግን ደረቅ ነው። አንድ ቀን ጨርቁን አገኘሁት፤ የራሱ አሮጌ ሸሚዝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደግሞ ኮኮብ መጥታ «ኢማ፣ አባ ሰማያዊዋ ሁለት ሰው ትሸከማለች ወይ ብለሽ ጠይቂያት አለኝ፤ እኔ አልሁሽ እንዳትይ ብሏል» አለችኝ። ቲራት ካርሜል አጠገብ ጎመንና ባቄላ የዘራባት ቁራሽ መሬት አለችው፤ ሁልጊዜ ከአውቶቡስ ወርዶ በእግሩ ነው የሚወጣ። ከኋላየ መቀመጥ አምሮታል። በምን አፉ ይበል?

ስለዚህ አባየ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ለኔ እንዲፈቅዱ አይደለም፤ እርስዎ ለኔ የፈቀዱት የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ነው። ለካሳው ይጻፉለት። «ነገሩን ሰማሁ፣ እውነትህን ነው፣ በርጋጊ ናት። በርጋጊ የለመደችው ሰው ይያዛት፣ አንተ ከኋላ ተቀመጥና ጠብቃት» ይበሉት። ውሸት መሆኑን እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሙላትም ያውቃል፣ አፉን ግን ይዝጋ። የራስ መከላከያውን፣ ካስዳ የሚሉትን፣ በራሱ ልክ ገዝቼ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጬለታለሁ። አይቶታል። ያላየ መስሎ በየቀኑ አቧራውን ይጠርጋል።

ለሙላት፣ ጮክ ብሎ ላነበበልኝ፣ ሰላምታየ ይድረሰው። ለባለቤቱ ለውዱ፣ እርስዎን ስለምትንከባከብልኝ እግሯን እስማለሁ ይበሉልኝ። ትልቋ ልጃቸው ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ ትንሹም ጥርሱ በቅሎ ከሆነ ይንገሩኝ። ለጎረቤታችን ለአባተም ካልሲው ካማረው ለእሱም እልካለሁ ይበሉት፣ የአባየን ግን እንዳይነካ። ካሳው ደህና ሁኑ ብሎዎታል፤ ምን እንደጻፍሁ ግን አያውቅም። ኮኮብም ጉልበትዎን ስማለች። ሐሙስ የስግድ በዓላችን ነው፤ ኢየሩሳሌም ወጥተን የሁላችሁንም ስም እየጠራሁ እጸልያለሁ፣ ወደዚህ የመግቢያ ተራችሁ ደርሶ መጥታችሁ በዓይናችን እንድንተያይ። ያኔ ከአውሮፕላን ማረፊያው በመኪና ይምጡ፤ ከሰፈር መግቢያ እስከ ቤት ያለውን እኔ በሞተሬ አደርስዎታለሁ።

ልጅዎ ስንዱ ባፈና
ሃይፋ፣ ሃሊሳ
ኅዳር 19 ቀን 1998 ዓ.ም.