ሳያዩት የሚገቡበት ቤት

ይድረስ ዓለም ከተማ ለምትኖረው ልጄ።

እንዴት ከርመሻል? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት አደረገሽ? ትንሿስ እንዴት ናት፣ ሳሉ ለቀቃት? ባልሽ ኃይለመስቀልስ ከመንገድ ገባ ወይስ እንደ ልማዱ የጭነት መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው? እኔን ብትዪ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር የሚጎዳኝ የለም። ገብሱ ገብቷል። ባቄላውን ውርጭ ነካ ነካ አድርጎታል፤ ለዘር የሚሆን ግን አላጣሁም። የበጎቹን ነገር ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤ ሲደርስሽ ሰው የሞተ እንዳይመስልሽ። ማንም አልሞተም፣ ስልኬም አልተበላሸም። ብቻ ከእንግዲህ የቤት ነገር ካንቺ ጋር በስልክ አልነጋገርም፤ ምክንያቱን አሁን ታገኚዋለሽ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። መሠረተ ትምህርት የተማርኩት ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው? ፊደሉ ጠመም ብሎ ካየሽው ጣቴን ብርድ ይዞት ነው እንጂ ጠፍቶኝ አይደለም።

ባለፈው ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ስንነጋገር፣ አዲሱ ሥራሽ ደብረ ብርሃን ዳር ካለው ፋብሪካ እንደሆነ ነገርሽኝ። ደስ አለኝ። ቤቱስ ብዬ ብጠይቅሽ፣ ንፋሱ እየቆራረጠው፣ "ቤቱ ሳይት ነው አባባ፣ ቀብድ ልልክ ነው" አልሽኝ። እኔ የሰማሁት ግን "ቤቱ ሳያዩት ነው" ብለሽ ነው። ሰው በግ እንኳ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ፣ ወገቡን ዳብሶ ነው፤ ልጄ ሳታየው ቤት ልትገባ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። መልሼ ብደውል "አባባ፣ አሁን ሁሉም ሳይት ነው የሚገባው" አልሽ። ሁሉም ሳያየው የሚገባ ከሆነ እኔ አይቼው ልምጣ አልኩና በርኖሴን ደርቤ ተነሣሁ። ለጎረቤታችን ለአስካለ ማርያም ጥርሴን ልታይ ነው ብያት ነበር። ደውላ ስለ ጥርሴ ነግራሽ ከሆነ ጥርሴ ደኅና ነው።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እንደ ወረድኩ ለባልሽ ወንድም ለታዲዮስ ደወልኩለት። ከሥራው ሮጦ መጣ። "ኧረ አባባ፣ ማን ሞተ?" አለኝ። ማንም አልሞተም፤ ያን ሳያዩት የሚገቡበትን ቤት አሳየኝ አልኩት። አልገባው አለ። ደግሜ ነገርኩት። የገባው ጊዜ መናኸሪያው መሐል ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። "ሳይት ነው አባባ፣ ሳይት። አዲስ ለተሠሩት ሰፈሮች የወጣ የፈረንጅ ስም ነው" አለ። እኔ አልሳቅሁም። ፈረንጁ ስም ሲያወጣ እኔን አላማከረኝም። አንቺም መሳቅሽ አይቀርም፤ ሳቂና ንባብሽን ቀጥዪ።

ሳይቱ መጥፎ ነው አልልሽም። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ውሃው ከቧንቧ ሲወርድ አይቻለሁ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ከመስኮቱ ፋብሪካው እንደ ጎረቤት በረት ቅርብ ሆኖ ይታያል። አስፋልቱን ብቻ ተሻግረሽ ሥራ ትገቢያለሽ፣ ምሳ ሰዓት ልጅሽን አይተሽ ትመለሻለሽ። ይህን ነግረሽኝ ነበር፤ እውነትሽን ነው። ግን ታዲዮስን ጠየቅሁት። ጨው ቢያልቅባትስ አልኩት። "ባጃጅ አለ" አለ። ልጅ ቢያማትስ? "ባጃጅ አለ።" ቤተ ክርስቲያንስ? "እሁድ እሁድ ትንሽ ይጠፋል እንጂ ባጃጅ አለ።" ታዲያ እግር ለምን ተፈጠረ ብለው "ለደረጃው" አለኝ። ያ ልጅ ምላሱ አያርፍም። እውነትም ደረጃው አያልቅም። እኔ አልደከመኝም፤ አገሩን ለማየት ያህል ብቻ በየፎቁ ቆም እል ነበር።

ታዲዮስ ከአከራዩ ጋር ሲነጋገር እኔ ታች ወርጄ ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያልፈውን ሁሉ እንደ ወጉ እንደምን ዋላችሁ አልኩ። አንዷ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ሰክታ ዝም ብላኝ አለፈች። አንዱ ሰላምታው ለእሱ መሆኑ አልመስል ብሎት ዞሮ ከኋላው ሰው ፈለገ። ጥቂት ቆይቶ ጥበቃው መጣና በትሕትና "አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ። ማንንም አልፈለግሁ፣ ተቀምጬ ነው አልኩት። ግራ ገባው። እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ እዚህ ሰፈር ሽማግሌ የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ጠየቅሁት። "እዚህ ሽማግሌ የለም አባት። ሁሉም ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል" አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ አልተቀየምኩትም። ስንመለስ ግን ለታዲዮስ፣ ትክክሉ ስም እኔ የሰማሁት ነው አልኩት፤ ሰው ሳያይሽ የምትገቢበት፣ ሰው ሳያይሽ የምትወጪበት ቤት ነው። የዚያን ጊዜ አልሳቀም።

በማግሥቱ ታዲዮስ ሥራ ሲሄድ እኔ ሥላሴን ልሳለም ብቻዬን ወጣሁ። ተሳልሜ ከቅጥሩ ስወጣ አንዲት ሴትዮ በርኖሴን አየችና "የመንዝ ሰው ነዎት አይደል?" አለችኝ። በምን አወቅሽ ብላት፣ "በዚህ ፀሐይ በርኖስ የሚደርብ ሌላ ማን አለ" ብላ ሳቀችብኝ። ጥሩሸዋ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ እናቷ እዚያው መንዝ የቀየት ሰው ነበሩ። ጨዋታው ሲያያዝ ለልጄ ቤት እያየሁ ነው አልኳት። "ታዲያ ቤት ያላት ሴት ፊት ቆመው ነው የሚጨነቁት?" አለችና ወደ ግቢዋ ወሰደችኝ።

ቤቱ አሮጌ ነው፤ አልዋሽሽም። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ቆርቆሮው በአንድ በኩል ያፈሳል፣ ውሃው በፈረቃ ነው፣ መጸዳጃው የጋራ ነው። ግድግዳ መምረግና ቆርቆሮ መምታት የሚችል ሰው ግን አይጠፋም። ሁለቱ ክፍል ለእናንተ ይበቃል። ከአጥሩ በር አጠገብ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ቀጥ ብሎ የሚገባባት አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። እሷን ተመልሼ አነሣታለሁ።

ሰፈሩን በእግሬ ዞርኩት። ወፍጮ ቤቱ ጥጉ ላይ ነው። ጤና ጣቢያው ከእሱ ቀጥሎ ነው፤ የምታስል ልጅ ታቅፈሽ ክንድሽ ሳይዝል ትደርሻለሽ። የሕፃናት ትምህርት ቤቱ ጫጫታ ከደጃፉ ሆነሽ ይሰማሻል። ሙሐመድያሲን የሚባል ባለሱቅ አለ፤ ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣ ነው። ጨው ልግዛ ብዬ ብገባ በርጩማ ስቦ "አረፍ ይበሉ አባባ፣ ጨው የትም አይሄድም" አለኝ። የመንዝ በግ ቆላ ሲወርድ ለምን ይከሳል በሚለው ተከራከርን። እሱ ከሣሩ ነው ይላል። እኔ በናፍቆት ነው አልኩት። "በግ ሣር ካገኘ ማንን ይናፍቃል?" አለኝ። አልተማመንም። ነገ ይምጡና እንጨርሰዋለን ብሎ ሸኘኝ። በዚያው መንገድ ስመለስ፣ አይቼው የማላውቀው ልብስ ሰፊ ከማሽኑ ቀና ብሎ "እህስ አባባ፣ በጉ ከሣር ነው ከናፍቆት?" አለኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

የፋብሪካው ሰርቪስ ከወፍጮው ጥግ ላይ ሠራተኛ ያነሣል። በማለዳ ነው፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል፤ ይህንንም አልደብቅሽም። በነጋታው ሄጄ ቆሜ አየሁት። ሴቶቹ ጋቢ ተከናንበው እየተገፋፉ፣ እየተሳሳቁ ነው የሚጠብቁት። ሾፌሩ ሊነሣ ሲል ሁሉም ባንድ ላይ "ቆይ፣ ብርነሽ አልመጣችም" ብለው ጮኹበት። ቆመ። ብርነሽ የተባለችው ዳቦ እየበላች ሮጣ ደረሰች፤ የሰደቧትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። አንቺም ያረፈድሽ ቀን የሚጮኽልሽ ሰው አለ ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ያን የመጀመሪያውን ቀን ከጥሩሸዋ ግቢ ልወጣ ስል "ልሸኝዎት" ብላ ነጠላዋን አጣፋች። እስከ ወፍጮው ሸኘችኝ። ብቻዋን ስትመለስ ማየቱ ደስ ስላላለኝ እኔም መለስ ላድርግሽ ብዬ እስከ በሯ ሸኘኋት። "እንዲህማ አይሆንም፣ እንግዳው እርስዎ ነዎት" ብላ እንደገና ወጣች። ሙሐመድያሲን ከሱቁ ሆኖ "እናንተ ሰዎች ዛሬ ትለያያላችሁ ወይስ ምንጣፍ መንገዱ ላይ ላንጥፍላችሁ?" አለን።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሳይቱ ጋ ሰው መሸኘት አይቻልም። ባጃጁ ደጃፍ ይመጣል፣ ትገቢያለሽ፣ ትሄጃለሽ፣ አለቀ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ እስከ ትልቁ ጥድ ድረስ ትሸኝሽ ነበር። ቤት ውስጥ ለእኔ ያልነገርሽኝን ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ ለእሷ ትነግሪያታለሽ፤ እሷ ደግሞ ተመልሳ ለእኔ ትነግረኛለች። ሳታውቂ ስለ አንቺ ሁሉን አውቅ የነበረው በዚህ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ የመጣውን እንግዳ እሸኛለሁ፣ ስመለስ ግን የምነግረው የለም። ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም፤ ስለ ሰፈር ነው የምነግርሽ።

ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። "ምሳ ሰዓት ላላያት ነው፣ ልጄን ማን ይይዝልኛል፣ ከትምህርት ቤትስ ማን ያመጣታል?" ትያለሽ። ስለ እሱ አታስቢ። እንዴት አላስብም ብትዪ፣ አታስቢ ብያለሁ።

ና አብረን እንኑር እያልሽ ስትለምኚኝ የሰጠሁሽን መልስም ታውቂዋለሽ። ፎቅ ላይ እንደ ቋንጣ አልሰቀልም ብያለሁ። ቃሌን አልለውጥም። ፎቅ አልወጣም።

ጥሩሸዋ ያቺን በበሩ አጠገብ ያለች ክፍል ለብቻዋ ለሌላ ሰው ላከራያት ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ተዪያት፣ ዕቃ ይቀመጥባታል አልኳት። "ምን ዓይነት ዕቃ?" አለች። አሮጌ ነው፣ ግን አልተሰበረም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "ያስላል?" አለች። በብርድ ጊዜ ብቻ አልኳት። "እንግዲያው ንፋስ እንዳይገባበት መዝጊያውን አስጠግናለሁ" አለች። አስተዋይ ሴት ናት። ክፍሏን በክንዴ ለካኋት። እዚህ እንደ ተመለስኩ ትልቁን የበግ ጠጉር ዝተት ለሸማኔው ወስጄ በዚያ ልክ አሳጥረህ ጠርዙን ስፋልኝ አልኩት። ለማን ነው ቢለኝ ለብርድ ነው አልኩት።

የበጎቹን ነገር እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ለእህቴ ልጅ ለአፈወርቅ በእኩል እንዲያረባቸው ሰጥቼዋለሁ፤ እርሻውንም እሱ ያርሰዋል። ቁልፉ አስካለ ማርያም ጋ ነው። ተዘግቶ የቆየ ቤት ስለሚሻግት አልፎ አልፎ ከፍታ ታናፍሰዋለች። የአባቴ ቤት የትም አይሄድም። ለመስቀል ሲመጡበት፣ ለእናትሽ ተዝካር ሲመጡበት ቆሞ ይጠብቃል።

ጥሩሸዋ እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ለማንም አልሰጥም ብላኛለች። የምትሠሪው አንቺ ነሽ፣ የምትኖሪበትም አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ መወሰኑ የአንቺ ነው። ሳይቱን ከመረጥሽ አልቀየምም። እኔ እዚሁ ነኝ፤ እንደ እስካሁኑ ጉብታው ላይ ወጥቼ ስልክሽን እጠብቃለሁ። ብቻ ቀብዱን ከመላክሽ በፊት ለእግር የሚመች ጫማ አድርጊና ሄደሽ ሁለቱንም እዪ። ባጃጅ እንዳትሳፈሪ። ሙሐመድያሲን በርጩማ ይስብልሻል። ስለ በጉ ከጠየቀሽ ናፍቆት ነው በዪው።

እጅሽ የያዘውን ሥራ ይባርክልሽ። ትንሿን ጤና ሰጥቶ ያሳድግልሽ። ባልሽን ከመንገድ ክፉ ይሰውርልሽ። በደረስሽበት አገር የሚጠራሽ ጎረቤት፣ ከደጅሽ የሚሸኝሽ ሰው አይጥፋ።

ሳልረሳው፣ አሮጌውን ሰፈር ከወደድሽው፣ ኃይለመስቀል ዕቃችሁን ጭኖ ሲሄድ በእኛ በኩል፣ በዘመሮ ዞሮ ይለፍ በዪው። መንገዱ እንደሚርቀው አውቃለሁ፤ ይርቀው። ከእኔ ዘንድ የሚጫን አንድ ዝተትና አንድ አሮጌ ዕቃ አለ። ዝተቱ ከኋላ ከዕቃችሁ ጋር ይሁን። አሮጌው ዕቃ ግን የሚቀመጠው ጋቢና ነው፣ ከትንሿ አጠገብ፣ በመስኮቱ በኩል።

አባትሽ