አሥራ ሁለቱንም ቃላት ተናገር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለኦስካሪ፤

እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? አባባ ወገባቸውን እንዴት ሆኑ? አሁንም ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ የሳውና እንፋሎት ይበቃኛል ይላሉ? እማዬስ፣ አያታችንስ ደህና ናቸው? እኔም ደህና ነኝ ብዬ እንዳልቀጥል ደህና አይደለሁም። በስልክ ያልነገርኩህም ለዚህ ነው። የስልኩ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል፤ ሳወራም ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ይጠፋል። ወረቀት ግን ይጠብቀኛል። ይህችን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

ባለፈው እሁድ እማዬ ደውላልኝ ስለ ውሻችን ስለ ሙስቲ ጠየቅኋት። እሷም፣ "ልጄ፣ ሙስቲ እኮ በገና ማግስት ሞቷል። ስትጠይቀኝ ይሄ ሦስተኛህ ነው" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለሙስቲ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ጥር ላይ ነው። ፓኳን፣ ያቺን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ፣ ከሜዳው ማዕዘን ላወጣ ጀርባዬን ሰጥቼ ስገባ አንዱ አጥቂ ከኋላ መጥቶ ከሜዳው አጥር መስታወት ጋር አላተመኝ። ለበረዶ ሆኪ ተከላካይ ይህ የየቀን ሥራው ነው፤ ተነሥቼ ተጫወትኩ። ወደ ቤት ስመለስ መኪና ውስጥ አስመለሰኝ። በማግስቱ የክለቡ ሐኪም ዶክተር ሳልሜላ ያንን ፈተና ሰጠችኝ። ነግሬሃለሁ፤ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ጤነኛ ሳለን፣ አሥራ ሁለት ቃላት ታሳየንና ስንቱን እንደያዝን ትመዘግባለች። ጭንቅላታችንን ስንመታ ደግሞ እንደገና ፈትና ከነሐሴው ጋር ታመሳክረዋለች። እኔ ነሐሴ ላይ አሥራ ሁለቱንም ይዤ አምስቱን ብቻ ነበር የተናገርኩት። ጥር ላይ አልቦኝ፣ ታግዬ፣ ስድስት አመጣሁ። ዶክተሯ ሳቅ ብላ፣ "ኢልካ፣ አንተስ ሲመቱህ ነው መሰል የምትጎብዘው! በል ግባና ተጫወት" አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰባት ጨዋታ ተጫወትኩ። የማስታውሰው ሁለቱን ነው። በመጨረሻው፣ ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር እንደ ወትሮው ጎን ተቀያየርን፤ እኔ መቀያየራችንን ረሳሁ። ፓኳን ይዤ ወደ ራሳችን በረኛ ገሰገስኩና መታኋት። ገባች። አዳራሹ በፉጨት ተናወጠ። አሰልጣኙ፣ "አንተ ሰውዬ፣ በረኛችን ምን በድሎህ ነው?" ሲለኝ ልጆቹ ሳቁ፤ ፊቴን ሲያዩ ግን አንድ በአንድ ሳቃቸውን አቆሙ። አሥራ ሦስት ዓመት ጥርሴን፣ ጣቴን፣ የጎድን አጥንቴን ሰጥቼ የጠበቅሁት ጎል ነው ኦስካሪ።

በነጋታው ዶክተሯ ዘንድ ሄጄ እውነቱን አወጣሁ። ነሐሴ ላይ ሆን ብዬ መሳሳቴን፣ ዘዴውንም ያስተማረኝ ቀድሞ ከጎኔ ይከላከል የነበረው አንጋፋው ፔንቲ መሆኑን ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ታዲያ ጤነኛ ሳለህ ምን እንደነበርክ አሁን በምን ልወቅ?" ነው ያለችኝ። ምን ያህል እንደጎደለብኝ የሚነግረኝ ሰው የለም፤ ሙሉ የነበርኩ ጊዜ የዋሸሁት እኔው ነኝ። ከእንግዲህ በረዶ ላይ አልወጣም። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ልማር ብል አንድ ገጽ አንብቤ ስገልጥ የፊተኛው ጠፍቶ ይጠብቀኛል። አይዞህ፣ ይሻልሃል አትበለኝ። እዚህ ሁሉም ይለኛል፤ መስማቱ ደክሞኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ዘንድሮ ነሐሴ ክለብህ ገብተህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትፈተናለህ። አምና በጋ ሳውና ውስጥ ተቀምጠን፣ "አምስት ብቻ ተናገር፣ የቀረውን ዋጠው፤ ማንም ከሜዳ አያወጣህም" ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተም እየሳቅህ፣ "ጋሼ፣ ትምህርት ቤትም እኮ እንደዚያ ነበር የማደርገው" አልከኝ። ሌላው ሁሉ ሲጠፋኝ ይህ ሳቅህ ብቻ አልጠፋ ብሎኛል። ፔንቲ ሲነግረኝ ውለታ የዋለልኝ መስሎኝ ነበር። እኔም ለአንተ ውለታ መዋሌ መስሎኝ ነበር። እባክህ፣ አሥራ ሁለቱንም ተናገር። አንዲት ቃል እንኳ አታስቀር። ከተመታህም ተመታሁ በል፤ ፈሪ ይሉሃል፣ ይበሉህ።

አባባን በርቱ በልልኝ፤ ከባድ እንጨት እንዳያነሡ ተቆጣቸው። እማዬን እቀፍልኝ፤ አንዱን ነገር ደጋግሜ ስጠይቃት እንዳትሰለቸኝ ለምንልኝ። አያታችን የላኩልኝን የሱፍ ካልሲ አድርጌዋለሁ፤ እግራቸውን ሳምልኝ። ሙስቲንም ጆሮውን እሽት እሽት አድርግለት፤ ዓሣ ስታጠምድ ጭንቅላቱን ስጠውና ኢልካ ነው የላከልህ በለው።

ደብዳቤውን ላጥፈው ስል መልሼ አነበብኩት። ለሙስቲ የላክሁትን ሰላምታ አልሰረዝኩትም። ነሐሴ ላይ ወደ ፈተናው ስትገባ ይህን ወረቀት በኪስህ ይዘህ ግባ።

ወንድምህ ኢልካ
ታምፔሬ፣ መጋቢት 21 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.