ሰባት ብዬ የጻፍኋቸው ጉማሬዎች

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ ጠዋት

የታንኳ ደንገል እያሰርሁ ነው። ጣቴ ተሰነጣጥቋል፣ እርሳሱ ይንሸራተተኛል። ታገሠኝ ደብተሬ።

ኑሩ እየሳቀ ገባ። ልጄ እንዲህ ሲስቅ እፈራለሁ። የአደን ቢሮው አዳኞችን የሚመራ ሰው ይፈልጋል አለ። ከባሕር ማዶ አንድ ቤተሰብ ይመጣል፤ አባት፣ እናት፣ አንዲት ልጃገረድ። ለአደን ከአገራቸው ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ጉማሬ ይፈልጋሉ። ያውም ከታንኳ ላይ።

ቅጽ ይዞ መጥቷል። እሱ አያነብም። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ «የአሮጊቶች ጨዋታ» ብሎ ቀረ። አሮጊቷ ተማረች። ስም፣ ዕድሜ፣ ሠፈር ሞላሁለት። ቀጥሎ ከዚህ በፊት የገደለው የጉማሬ ብዛት ይላል። ሰባት በይ አለኝ።

ሰባት የገደለው አባቱ ነው። ኑሩ ታንኳ ይሠራል፣ ማገዶ ያመላልሳል። በቃ።

ሰባት ብዬ ጻፍሁ። አምሮ ነው የተጻፈው።

መጋቢት 15፣ ከሰዓት

ጓድ ታምሩ ከአደን ቢሮው መጣ። በእሑድ። ውሃ ሰጠሁት፤ አልጠማኝም አለ። ከንፈሩ ደርቋል። አውቀዋለሁ ይህን። እኛ ጉማሬ በላተኞች በጠጣንበት ጣሳ የማይጠጣ ስንት አይቻለሁ። ገበያ ስንገባ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። አሁን ሁሉም እኩል ነው ተብሏል፤ ጣሳው ግን አልሰማም።

እኛ ስናድነው ርኩስ። ፈረንጅ ሲያድነው ቢሮ ተከፈተለት፣ ማኅተም ተቀረጸለት።

«እማማ፣ ልጅዎ እውነት ሰባት ገድሏል?»

«የአባቱ ልጅ ነው» አልሁት።

በአፌ አልዋሸሁም። በእጄ ጨርሻለሁ።

ለምን ዝም አልሁ? ትናንት የቀበሌው ሊቀ መንበር ኑሩን በሰው ፊት «ጓድ» ብሎ ጠራው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንተ» ነበር። አንገቱ ሲቀና አየሁ። እናት ነኝ።

መጋቢት 17፣ ቀትር

መጡ። አባትዬው ረጅም፣ ለሁሉም ጥርሱን የሚያሳይ። እናትዬዋ ሐይቁን ባየች ቁጥር ባርኔጣዋን ትይዛለች። ልጅቷ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል። ጣሳዬን አነሣች፣ ግጥም አድርጋ ጠጣች። ሳትጠይቅ። ተናደድሁ። ልጠላቸው ተዘጋጅቼ ነበር።

አዲሱን ታንኳ አየሁት። ሰፊ፣ የሚያምር። ደንገሉ ግን የቅዳሜ አጨዳ ነው። ጫፉን ባነሣው እንደ ሬሳ ከበደኝ። እርጥብ ደንገል ውሃ እየጠጣ ይወርዳል፤ ከወረደ አይታዘዝም። ይህን ታንኳ ሠሪ ያውቃል። ኑሩም ያውቃል።

«እማዬ፣ ፈረንጅ ደንገል እስኪደርቅ ይጠብቃል?»

«ጉማሬውስ ይጠብቅሃል?»

«አንቺ ደግሞ ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ አፍሽ አልገጠም አለ!»

መጋቢት 18፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ

ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ሄድን። ኑሩ ጉማሬ ሊያሳያቸው። እኔም ተከተልሁ፤ ማን ይከለክለኛል።

አንድ ትልቅ ራስ ከውሃው ብቅ አለ። ኑሩ በጣቱ አሳየ፤ ወንድ ነው፣ ብቻውን ነው አለ። ጓ/ ታምሩ ተረጎመ። ፈረንጁ ጻፈ።

ወንድ አይደለም። ከኋላዋ ደንገሉ ውስጥ ትንንሽ ጆሮዎች ነበሩ። ግልገል። እናት ናት። ልጅ የያዘች ጉማሬ አትሸሽም። ትጠልቅና ከታንኳው ሥር ትነሣለች።

ይህን ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው። ሰኢድ፣ ባሌ፣ እንዲህ ነው የሞተ። በንጉሡ ዘመን አንድ ትልቅ ሰው አደን ማየት አማረው። ዳር ቆሜ ነበር፤ ኑሩ አራት ዓመቱ፣ ቀሚሴን ይዟል። ሰኢድ ከታንኳው ያላያትን ግልገል ከዳር አየሁ። በእኛ ወግ አዳኝ ውሃ ላይ ሳለ ሚስት ስሙን አትጠራም። ጉማሬዋ ስሙን ትይዝበታለች ይባላል። አፌን ያዝሁ። ወጉ ተጠበቀ። ሰኢድ አልተጠበቀም።

ለኑሩ ነገርሁት። ልታዋርጂኝ ነው አለ።

ለጓ/ ታምሩስ ልንገር? መንግሥት ያታለለ ሰው የት እንደሚወሰድ አውቃለሁ። የጻፈችው እጅ ደግሞ ይቺ ናት።

ነገ ዐሥር ሰዓት ይወጣሉ።

መጋቢት 19፣ ከመግሪብ በፊት

እየቸኮልሁ እጽፋለሁ። ፊደሉ ቢጣመም ይጣመም።

ኑሩ ከኋላ በቀርከሃው ይገፋል። ፈረንጁ ከፊት፣ ጠመንጃ። ልጅቷ መካከል፣ ካሜራ። እናትዬዋ ከእኔ ጋር ዳር ቀረች። ቋንቋ የለንም። ክንዴን ይዛለች፣ ጥፍሯ ገብቷል።

ታንኳው ዝቅ ብሏል። በጣም። ትልቁ ራስ ጠለቀ። ትንንሾቹ ጆሮዎች ደንገሉ ውስጥ ቀሩ። ውሃው ለጥ አለ። ያንን ለጥ ማለት አውቀዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በሕልሜ አይቼዋለሁ።

«ኑሩ! ኑሩ ሰኢድ! እናት ናት፣ ተመለስ!»

በአባቱ ስም ጭምር። ፈረንጅቷም ጮኸች፤ የልጇን ስም ይመስለኛል። ለምን እንደጮህን እንኳ አታውቅም።

ኑሩ ደነገጠ። ዞረ። ዳር ሲደርሱ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሸፍኗል።

ምንም አልተነሣም። ምንም። ሐይቁ እንደ ወተት ረግቶ ቀረ። ቆይታ ጉማሬዋ ራቅ ብላ ብቅ አለች፤ ግልገሏ ጀርባዋ ላይ። እፍፍ ብላ ሄደች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ «ሰባቱን የገደልሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ጓ/ ታምሩ አልሳቀም። ኑሩን ብቻ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ሰኞ እንደገና ተባለ። ኑሩ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነው።

መጋቢት 20፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ኑሩ አኩርፏል። እራት አልበላም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

ልክ ነበርሁ? ማስረጃ የለኝም። ውሃው አልመሰከረልኝም። የሚያኮርፍ ልጅ ግን በሕይወት ያለ ልጅ ነው። አባቱ ለማኩረፍ ጊዜ አላገኘም።

ሰኞ ይወጣል። ሁልጊዜ ዳር ቆሜ አልጠራውም። ድምፄም ከትናንቱ ጩኸት ወዲህ ተዘግቷል።

ሻሼን አስሬያለሁ። እርሳሱን ይዣለሁ። ቢሮው ሁለት ሰዓት ይከፈታል። ጓ/ ታምሩን ቅጹን አምጣ እለዋለሁ። ሰባትን እሰርዛለሁ፣ «ምንም» ብዬ እጽፋለሁ፣ ከሥሩ የራሴን ስም። ማን ዋሸ ካሉ እጄ ትመስክር። እኔን ይውሰዱ። ጓድ መባሉ ይቀርበታል። ይቅርበት።

ኑሩ ተገላበጠ። ነቃ መሰለኝ። ሻሼን አየ። ወዴት ነሽ አለኝ። ቢሮ አልሁት፤ እየወጣሁ ነው።