አባዬ፣ የከርከሮውን ላስቲክ መልሼ አስሬዋለሁ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አራተኛው ክረምት ገባ። ሚዛን እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ በመሃሉ ጭቃ። የምጽፍልህ ጋራዡ ውስጥ፣ አሮጌ ጎማ ደራርበህ ወንበር ካደረግኸው ላይ ተቀምጬ ነው። እጄን ታጥቤም ወረቀቱን ግራሶ ነክቶታል። አንተ ግራሶ ያልነካውን ወረቀት የማታምን ሰው ስለነበርክ አልቀየርኩትም።

ስሜን ትዕግሥት ብለህ ያወጣኸው አንተ ነህ። ይህን ደብዳቤ ስትጨርስ፣ በእኔ ከመፍረድህ በፊት ያንን የራስህን ስሕተት አስታውስልኝ።

የቤቱን ላስቀድም። የእማዬ የሴቶች ፀጉር ቤት ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ወጥቷል። ትልልቅ መስታወትና አንዲት ረዳት አላት። ጥቁር ልብሷን አውልቃለች፤ የምትስቀው ግን አሁንም አፏን በእጇ ሸፍና ነው፣ ሳቋን አንተ እንዳትሰማባት የፈራች ይመስል። ጋራዡን እኔ ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛ ሁሉ ከኋላዬ ወንድ ይፈልግ ነበር፤ አሁን ባጃጁን ጥሎልኝ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል።

ከርከሮውም አለ። እንዴት ወደ ቤታችን እንደ መጣ ታስታውሳለህ። የመንገድ ሥራው አልቆ ካምፓችሁ ሲዘጋ ፈረንጁ መሐንዲስ ሻንጣው አልበቃ ብሎት፣ ያንን በሪሞት የሚነዳ ትንሽ የጭነት መኪና ከነነዳጁ ትቶልህ ሄደ። እማዬ የልጅ መጫወቻ መስሏት ነበር። ናይትሮ የሚሉትን ነዳጅ ጠጥቶ የተነሳ ቀን ግን የግቢው ዶሮዎች በሙሉ አጥር ዘለሉ። አንገቱን ደፍቶ እየጮኸ ሲሮጥ አይተህ ይሄማ በቆሎ ውስጥ የተገኘ ከርከሮ ነው አልክ፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

እኔ በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ነዳጅ ልለቀው ስል እጄን መታኸኝ። ሞተር መጀመሪያ ሮዳጅ ይፈልጋል አልከኝ፤ ነዳጁ በዛ ብሎለት፣ በዝግታ፣ እየጠፋ እየቀዘቀዘ፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩ እስኪላመዱ ድረስ። ሙቀቱን የምትለካው በምራቅህ ነበር። ሞተሩ ራስ ላይ በጣትህ ጣል ታደርግና ቸስ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ሞቋል፣ ይረፍ ትላለህ። እኔ በእልህ ከአጠገብህ እየተነሳሁ እሄድ ነበር፤ ደግሞም ተመልሼ እመጣ ነበር።

ከእማዬ ፀጉር ቤት ያልሰረቅኸው ዕቃ የለም። ብሎኖቹ በንዝረት እንዳይፈቱ ቀይ የጥፍር ቀለሟን ትቀባቸዋለህ። ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ሲል በፀጉር ማድረቂያዋ ታሞቀዋለህ። ነዳጁ ውስጥ ያለው የጉሎ ዘይት ልብስህ ላይ እየቀረ፣ አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ባልሽ ልክ እንደ እኔ ፀጉር ይሸታል ብላት፣ እማዬ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችህ። አንተ ደግሞ ሴትዮዋን ፀጉሯን ምን እንደምትቀባ ለመጠየቅ ሄደህ ነገሩን አባስከው።

ከሁሉም በላይ የማትረሳው ላስቲኩን ነበር። ከተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ ቀጭን አድርገህ ትቆርጥና ካርቡራተሩ ላይ ወጥረህ ታስረዋለህ። ባትሪው ቢነቀል ወይም መኪናው ሪሞቱን መስማት ቢያቆም፣ ላስቲኩ ነዳጁን ይዘጋና መኪናው ይቆማል። ላስቲክ ያላሰርሽለት መኪና ያንቺ አይደለም፣ የራሱ አውሬ ነው ትለኝ ነበር። ከሪሞት መኪኖች ውድድር በፊት በመጨረሻ የምትነካው እሱን ነው፤ በጣትህ ሳብ አድርገህ ትለቀዋለህ፣ ጧ ሲል ፈገግ ትላለህ።

ቴፒ ላይ የሆነውን ልነግርህ አይገባኝም ነበር፤ የሞትከው አንተ ነህ። ግን ጀርባህን ሰጥተህ ስለነበር አላየኸውም።

ውድድሩ በድሮው የመንገድ ሥራ ካምፕ ሜዳ ላይ፣ በአሮጌ ጎማ በታጠረው መንገድ ነበር። ሰዉ ሁሉ ተወራርዷል። ከርከሮው የቴፒውን መኪና በመጨረሻው ዙር ቀደመው። የተበሉት ሰዎች የጎማውን አጥር ውስጥ ለውስጥ አቋርጦ ነው ያለፈው ብለው ጮኹ። ግፊያ ሆነ፣ ቀጥሎ ቡጢ፣ ቀጥሎ ዱላ፣ ቀጥሎ ድንጋይ። አንተ ከጠቡ ዞር ብለህ ከርከሮውን ልታነሳ ጎንበስ አልክ። ሞተሩ እንዳይቃጠል ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረህም። ድንጋዩ ጆሮ ግንድህ ላይ አረፈ። የአጥንትህን ድምፅ ሰማሁት። በፊትህ ከርከሮው ላይ ተደፋህ፤ ደምህ የጋለው ሞተር ላይ ቸስ ሲል ሰማሁት፣ ምራቅህን ትጥልበት የነበረው ቦታ ላይ። ጎትቼ ሳነሳህ ጉንጭህ ተቃጥሏል፤ አንተ ግን አላወቅኸውም።

የወረወረው ሰው ታምሩ ይባላል፤ የቡና መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነው። ተፈረደበትና ታሰረ። እኔ ግን አልተፋታሁትም። ባጃጅ ሥር ተኝቼ ብሎን ሳጠብቅ የማጠብቀው አንገቱን ነበር። መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር የማየው ጭንቅላቱን ነበር። ደንበኞች ሥራሽ ጠንካራ ነው ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ ቢያውቁ መኪናቸውን ይዘው ይሮጡ ነበር።

ዘንድሮ በአመክሮ ተፈታ። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ሽማግሎች አስከትላ ከቴፒ መጣች፤ በዝናብ፣ ነጠላዋን ታጥቃ፣ አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ። ወጉ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የደም ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ይሸከማል። ግን አባዬ፣ ከነዚያ ሁሉ ሽበታም ሽማግሎች መካከል አንተ በምን እንደ ሞትክ ያሰበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ድንጋይ ይዘው መጡብን። እማዬ እያለቀሰች ልታወርድላት ስትጠጋ እኔ ቀደምኳትና ሴትዮዋን ገፍትሬ ጣልኳት። ከነድንጋይዋ ጭቃው ላይ ወደቀች። ሽማግሎቹ እግዚኦ አሉ። እማዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥፊ መታችኝ። ድንጋዩ በሩ ጥግ እንደ ወደቀ ቀረ፤ ማንም ሊነካው አልፈለገም።

እማዬ እርቁን ተቀበለች። ለመስቀል ቴፒ ላይ ሊፈጸም ቀጠሮ ያዙ። እኔም በልቤ የራሴን ቀጠሮ ያዝኩ። ውድድሩ እንደገና ሊጀመር መሆኑን፣ ታምሩም የውድድሩ መንገድ ኩርባ ላይ ቆሞ የሚገለበጡትን መኪኖች እንዲያቃና መቀጠሩን ሰምቼ ነበር።

ከርከሮውን ከተኛበት ካርቶን አወጣሁት። ደምህ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ገብቶ ጠቁሮ ደርቋል፤ በጥርስ ብሩሽ ነው ያጸዳሁት። የአየር ፊልትሮውን አጥቤ ዘይት አስነከርኩት። ካንዴላውን ቀየርኩ። ፍሪሲዮኑን ፈትቼ ገጠምኩ፣ አሞርዛተሮቹን አጠነከርኩ። ከፊት የነበረውን የፕላስቲክ መከላከያ አውልቄ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ብረት አሰርኩበት። የብረቱን ከፍታ የለካሁት በራሴ ቅልጥም ነው። አዲስ ፒስተን ስለገባለት ሮዳጁን ልክ እንዳስተማርከኝ አደረግሁለት፣ ምራቁም ሳይቀር። በሕይወቴ ትዕግሥት የኖረኝ ያን ሰሞን ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ላስቲኩን በምላጭ ቆረጥኩት። ምንም ነገር እንዲያቆመው አልፈለግኩም።

ዝናቡ ፋታ በሰጠበት እሑድ ከርከሮውን ይዤ ቴፒ ሄድኩ። የምንነዳ ሰዎች የቆምነው አንድ የአይሱዙ ጭነት መኪና ካሶኒ ላይ ወጥተን ነው። ታምሩ ኩርባው ላይ ነበር። ከስቷል። መክሳቱ ራሱ አናደደኝ፤ እኔ በልቤ የያዝኩት ያንን ወፍራም አንገት ነበርና። መጀመሪያ በደንብ ነዳሁ፣ እየመራሁም ነበር፤ ሰዉ የአባቷ ልጅ ሲል እሰማለሁ። ከኩርባው በፊት አንዲት ጉብታ አለች፤ እሷን እንደ ዘለሉ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። እኔ አልታጠፍኩም። ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ቀጥ አድርጌ ወደ እሱ ለቀቅኩት።

ታምሩ ቀና አለ። ያየው ከርከሮውን አልነበረም፣ ካሶኒው ላይ ያለሁትን እኔን ነበር። መሸሽ ይችል ነበር። ኮፍያውን አወለቀና ቆመ።

ያን ጊዜ ፍሬኑን ያዝኩ። መሪውንም አዞርኩ። በአንተ አፈር እምላለሁ፣ አዞርኩ። ግን ከጉብታው ሲያርፍ የባትሪው ሽቦ ተነቅሎ ነበር፤ ሪሞቱ እጄ ላይ በድን ሆነ። ላስቲኩ ቢኖር ነዳጁን ይዘጋው ነበር። ብረቱ ከጉልበቱ በታች መታው። የአጥንቱ ድምፅ ካሶኒው ድረስ መጣ፤ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። እግሩ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፎ ወደቀ። ከርከሮው ተገልብጦ፣ ጎማዎቹ በአየር ላይ እየተሽከረከሩ፣ ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ጮኸ፤ ሊያጠፋው የደፈረ ሰው አልነበረም። ታምሩ ግን አንዴም አልጮኸም።

ፖሊስ ሲመጣ ታምሩ፣ ራሴ ነኝ መንገዱ ውስጥ የገባሁት፣ ልጅቷ ጥፋት የለባትም አለ። ሁሉም አመነው። እኔም ዝም ብል ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። ግን ተቃጠልኩ። አንተን የነጠቀኝ ሰው ደግሞ ውለታ ሊውልልኝ? ከእሱ እጅ ምንም አልቀበልም። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ሆን ብዬ እንደ መታሁት ቃሌን ሰጠሁ። ዋስ ጠርቼ ወጣሁ፤ ክሱ ገና ነው።

ከዚያ ሆስፒታል ሄድኩ። እናቱ አልጋው አጠገብ ነበረች። ጭቃ ላይ የጣልኳት ሴት ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም። ለፖሊስ እውነቱን እንደ ተናገርኩ፣ ይቅርታ ልጠይቅም እንዳልመጣሁ ነገርኩት። ጣሪያውን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ ድንጋዩን ስወረውር ማን ላይ እንደሚያርፍ አላየሁም። አንቺ ግን አይተሽኝ ነው።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ቢቆጣ መልሼ እቆጣው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከቴፒ እስከ ሚዛን አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ማን ሞተብሽ አሉኝ፣ አባቴ አልኳቸው።

አባዬ፣ አልዋሽህም፣ አሁንም አልወደውም። እግር ይጠገናል፤ አንተ አልተጠገንክም። ደግሞ በየቀኑ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ድምፅ አሁን ሁለት ሆኗል፤ የትኛው ያንተ፣ የትኛው የእሱ እንደሆነ አንዳንዴ ይጠፋኛል። ይህ ነው ከሁሉ ያስፈራኝ። ያንተን ከማንም ጋር ሳልቀላቅል መያዝ ነበረብኝ።

ሽማግሎቹ እውነቱን ከሰሙ በኋላ እንደገና ተሰበሰቡ። ለመስቀል ታምሩ ለእማዬ፣ እኔ ለእናቱ፣ ሁለታችንም ድንጋይ እንሸከማለን ብለው ወሰኑ። እሱ እስከዚያ ባይድንም በክራንች እመጣለሁ ብሏል። እኔ ግን አስብበታለሁ ብያቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት በሩ ጥግ የወደቀውን ድንጋይ አንስቼ ወደ ጋራዡ አስገባሁት። ከባድ ነው፤ አንዲት አሮጊት ያንን ሁሉ መንገድ በአንገቷ እንዴት እንደ ቻለችው አላውቅም። ከርከሮውን ላዩ ላይ፣ ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ አድርጌ አስቀመጥኩት። ብረቱን ፈትቼ ጣልኩ። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን አድርጌ ቆርጬ ላስቲክ አሰርኩለት። ብሎኖቹን ሳጠብቅ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ከጥፊው ወዲህ ብዙም አንነጋገርም። ገባ አለችና ቀይ የጥፍር ቀለሟን አቀበለችኝ።

ለመስቀል አብሬያት እሄዳለሁ። የምሸከመው ድንጋይ ፍለጋ አልወጣም፣ ያው ከርከሮው የተቀመጠበት አለ። እስከዚያው ግን ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ ላስቲኩን በጣቴ ሳብ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ ጧ ሲል አንተን ነው የማስበው፣ ስትወድቅ ሳይሆን ፈገግ ስትል። አሁን ሳብ አድርጌው ነበር። ይዟል።

ስሟ ያልገጠማት ልጅህ፣
ትዕግሥት