የአዙሪቱን ዕድሜ ያሰሉ እናት

እኚህ እናት በ1943 ዓ.ም. ሜዳ ላይ በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከባቡር ጠጋኝ አባታቸው ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ቶርኔዶ፣ ያ እየተሽከረከረ ከደመና የሚወርደው ነፋስ፣ የቤታቸውን ጣሪያ ነቅሎ የጎረቤታቸውን አጥር እንኳ ሳይነካ አለፈ። «እኛን ለምን?» ብለው ሲያለቅሱ እናታቸው፣ «እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ተማሪና ንገሪኝ» አሏቸው።

ተማሩም። በ1966 ዓ.ም. በሒሳብ ተመርቀው እስከ ጡረታቸው በአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ሠሩ። ድካማቸው ሁሉ ነፋሱን በቀመር መግለጽ ነበር፦ መሬት ለመሬት የሚንከባለል አየር በሞቃት አየር ተስቦ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም፣ ከቆመ በኋላስ ምን እየመገበው እንደሚቆይ። ኮምፒውተሩ ሳምንት ሙሉ ያሰላውን ሰርዘው እንደገና የጀመሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ1970 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው፣ «የኔ ሊቅ፣ ልብስ ላስጣ ወይስ ይዘንባል?» ሲሏቸው፣ «ዝናቡን የሬዲዮውን ሰውዬ ጠይቅ፤ እኔ የነፋስ ነኝ» ይሉ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት ቶርኔዶ የሚኖሩበት ከተማ ዳር ደርሶ ጠፋ። ሕዝቡ ከመሬት በታች እንደተጠለለ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማስጠንቀቂያውን ለማንሳት ስልክ ያዙ። የእኚህ እናት ስሌት ግን ከደመናው ኋላ የሚወርደው አየር እምብዛም ስላልቀዘቀዘ ያው ደመና ሌላ አዙሪት እንደሚወልድ አሳይቷል።

«አያንሱት፤ አላበቃም» አሉ።

ኃላፊው፣ «ቢሳሳቱስ? ሰው እኮ ተማሯል!» ቢሏቸው፣ «እኔም ተማርሬያለሁ። በመማረር የሞተ ሰው ግን የለም» ብለው መለሱ።

ኃላፊው ማስጠንቀቂያውን ሳያነሱ ስልኩን ዘጉት። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ወርዶ የአውቶቡስ መናኸሪያውን ጠራርጎ ወሰደው። ባለቤታቸው ከነተሳፋሪዎቻቸው እዚያው ሥር ተጠልለው ነበር፤ ሁሉም ተረፉ። እርሳቸውም ይህን ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በቀጣዩ ዓመት ደጋግመው «ይመጣል» ብለው ሳይመጣ ቀረ። በከንቱ የዘጉ ባለሱቆች እየደወሉ ሰደቧቸው። አልከፋቸውም ማለት ውሸት ይሆናል፤ እየከፋቸውም ቢሆን ሥራ ገቡ። ጡረታ ሲወጡ፣ «አንዱ ደመና ወልዶ ሌላው ለምን እንደሚበተን ግማሽ መልስ አለኝ፤ በቀረው ሌላ ሰው ይድከምበት» አሉ።

ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ዐረፉ። እርሳቸውም በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው፣ ታላቋ ልጃቸው «እማዬ፣ ምን ላድርግልሽ?» ስትላቸው፣ «ምንም። ዝም ብለን እንቀመጥ» ብለው እጇን እንደያዙ በ2016 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ብዙ ደክመዋልና አምላክ ለነፍሳቸው ጸጥ ያለ ማረፊያ ይስጥልን፤ እኛንም ያበርታን።