ለታሰረ እግር የተጻፈ

ውድ ዋኘው፣

«ውድ» ያልኩህ ወድጄ አይደለም። የልጅ ልጄ ሄለን ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይባላል ስላለችኝ ነው። ለእኔ ቢተውልኝ በሌላ ቃል እጀምር ነበር፤ ግን የሚያነቡልህ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፣ ወሩም የፍልሰታ ነው፣ የሰው ጾም ማስፈታት አልወድም። መሪጌታ፣ ይቺንም ያንብቡለት። አንድ መስመር ላይዘሉ ቃል ገብተውልኛል።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። መሪጌታ ከፊት፣ ሁለቱ ጎረቤቶችህ ከኋላ፤ አንደኛው እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሟል። ጋቢያቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ነው።

«አውርደው እንጂ» አልኩት።

«እሺ እስክትለን አላወርድም ጋሼ ውበቱ።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለህ ተሸከመው፤ ነገሬ ረጅም ነው።»

መሪጌታ የነገሩኝ ይህን ነው። ማክሰኞ ከእርጥብ ሣር ላይ ተንሸራተህ ቅልጥምህ ተሰበረ። ልጅህ አበባው አንተ ባስተማርከው መንገድ በሸምበቆ ጥፍር አድርጎ አሰረህ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እግርህ እሳት ሆኗል፣ ቆዳህ ተወጥሯል፣ ጣቶችህ ቀዝቅዘው መጥቆር ጀምረዋል። አንተም «ይህ የስብራት ሕመም አይደለም፤ የውበቱ ቅያሜ ነው የያዘኝ፤ ይቅር ካላለኝ አልድንም» ብለህ ሽማግሌ ሰደድክ።

ሳቅሁ። መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ።

«በታመመ ሰው አይሳቅም ውበቱ።»

«በታመመውስ አልሳቅሁም መሪጌታ። በሐኪሙ ነው።»

ዋኘው፣ የእኔን እግር ታስታውሳለህ? አንተ ብትረሳ እነዚህ የተቀመጡት ይስሙት። በ2006 ጥቅምት ላይ ከበቅሎ ወድቄ ይኸው ቅልጥሜ ተሰበረ። የአማኑኤል ከተማ ወጌሻ አንተ ነህ፣ የልጅነት ጓደኛዬም አንተ ነህ፣ ሌላ ማን ጋ እሄዳለሁ? አሰርከኝ። በማግስቱ «ይቃጠላል፣ ጣቴን አላውቀውም» አልኩህ። «እብጠት ማሰሪያ ይፈራል» ብለህ ጉልበትህን ጭነህ ዳግመኛ አጠበቅኸው። በሦስተኛው ቀን «ላላ አድርግልኝ» ብዬ ለመንኩህ። «ወንድ አይደለህም ወይ?» አልከኝ። በአምስተኛው ቀን ሸተተ። ማርቆስ ሆስፒታል በአይሱዙ ተጭኜ ደረስኩ፤ ከጉልበቴ በታች ቆርጠው ነፍሴን አተረፏት።

አሁን አበባው እግርህን ማየት ሳይጀምር አይቀርም። እጁን ይሰብስብ፤ ገና አልጨረስኩም።

እግሩንስ ይቅር ባልኩህ ነበር። ሰው ይሳሳታል። አንተ ግን ስምህ እንዳይጠፋ ብለህ ገበያውን ሁሉ «ውበቱ ማሰሪያውን ራሱ ፈትቶ ጠላ ቤት ሲጨፍር ነው እግሩን ያበላሸው» አልክ። ሁሉም አመነህ። ለምን አያምን? ዕድሜዬን ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቀልደኛ እውነት ሲናገር የሚሰማው የለም። ይህን አስበህ ነው የዋሸኸው። ጓደኛዬ ስለነበርክ የት ላይ እንደምትመታኝ ታውቅ ነበር።

ሚስቴ ብዙዬም አመነችህ። አራት ዓመት የተቆረጠውን ባጠበችልኝ ቁጥር «ምናለ ያን ቀን አርፈህ ብትቀመጥ ኖሮ» ትላለች። «ከቤት አልወጣሁም፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ እመኚኝ» እላታለሁ። «እሺ» ትላለች። ዋኘው፣ ሚስትህ ሳታምንህ «እሺ» ብላህ ታውቃለች? በ2010 ያንን «እሺ» ይዛ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁብህን አልክድም። በየገበያው ቀን ከደጅህ ፊት ለፊት ሀጀራ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ የእንጨት እግሬን ዘርግቼ፣ ከግቢህ ታስሮ የሚወጣውን ሁሉ «ና እስቲ፣ ጣትህን አንቀሳቅስልኝ» እል ነበር። ያልተንቀሳቀሰለትን በሚቀጥለው መኪና ወደ ማርቆስ እሸኘው ነበር። ሀጀራ «ጋሼ ውበቱ፣ የሰው እንጀራ አይዘጋም» ትለኛለች። «እንጀራውን አልዘጋሁም ልጄ፣ እግራቸውን ነው የከፈትኩ» እላታለሁ። ደንበኛህ ሲያንስ ጠንቋይ ነው አልከኝ። ደስ አለኝ።

ግን እግሬ ለምን እንደተበላሸ እኔም አላውቅም ነበር። ያወቅሁት አምና ነው። ሄለን ማርቆስ ሕክምና ትማራለች፤ ለዕረፍት ስትመጣ ጮክ ብላ ታጠናለች፣ እኔ ደግሞ ተማሪዋ ነኝ። «አባባ፣ ሰውነት ሲጎዳ የትም ይሁን የት የሚሠራው መጀመሪያ አንድ ነው» አለችኝ። ደም ይጠራል፣ ውኃ ይጠራል፣ ዘበኛ ይጠራል። ያ ነው መቅላቱ፣ ማተኮሱ፣ ማበጡ፣ ማመሙ። ልዩነቱ እንግዶቹ የሚገቡበት ቤት ነው። ቆዳ ሰፊ ነው፤ ያብጣል፣ ይጎድላል፣ ጠባሳ ጥሎ ይዘጋል። ሳምባ ውኃ ይሞላና፣ ሰውዬው ከታደለ፣ ጠርጎ አውጥቶ እንደ ድሮው ይተነፍሳል። ጉበት ግማሹ ቢቆረጥ መልሶ ይበቅላል፤ ዕለት ዕለት ሲመቱት ግን እየቋጠረ እየቋጠረ ድንጋይ ይሆናል። ይህቺን ስሰማ የአንተ አረቄ ትዝ አለኝ። ልብ አይበቅልም፤ የሞተው ቦታ ላይ የማይመታ ጨርቅ ይለጥፋል፣ ሌላው የእሱን ይሠራለታል። አንጎል ደግሞ ይቀልጥና ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። «የማውቀው ሰው አለ» አልኳት።

አጥንትን አደነቅሁት። እሱ ጠባሳ አያውቅም፤ አጥንት ሆኖ ይመለሳል። ከሁሉ ፈጥኖ የሚድነው ግን ምን መሰለህ? አፍ። ቢቆረጥ፣ ቢላጥ፣ በጥቂት ቀን ምልክቱ እንኳ አይገኝም። እኔስ የአንተ አፍ አሥራ አንድ ዓመት እንዴት ደህና ሆኖ እንደሰነበተ ሲገርመኝ ነበር።

«ቅልጥምስ?» አልኳት።

መጽሐፏን ዘጋች። የቅልጥም ሥጋ እንደ ስልቻ በማይለጠጥ ነገር የተጠቀለለ ነው አለችኝ። ሲያብጥ መሄጃ የለውም። ከላይ ደግሞ ሸምበቆ ሲታሰርበት እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫንና የደሙን መንገድ ይዘጋል። ክንዴን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። ቆይታ «ጥፍርህን እየው» አለችኝ። ነጥቷል። «ይኸው ነው አባባ። አንተ ምንም አላደረግህም።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሦስተኛውን ብዙዬ ትቀመጥበት ወደነበረው መደብ ዞሬ ሰማሁት።

እንግዲህ ዛሬ ሽማግሌዎችህ በረንዳ ላይ ንፍሯቸውን ሲጠብቁ፣ እኔ ለሄለን ደወልኩላት።

«የቅልጥም ስብራት፣ ሁለት ቀን የታሰረ፣ ጣቱ የቀዘቀዘ» አልኳት።

«ይንቀሳቀሳል?»

«አውራ ጣቱ ትንሽ ትንሽ ይላል ብለውኛል።»

«አባባ፣ አሁኑኑ! የማን እግር ነው?»

«ሩብ ሰዓት ቢቆይ ለውጥ አለው?»

«እያንዳንዱ ሰዓት ለውጥ አለው። የማን እግር ነው እኮ?»

ዘጋሁባት። ሰዓት ነው ያለችው፤ ሩብ ሰዓት አላለችም። ለአበባው ደውዬ በአንድ ቃል መጨረስ እችል እንደነበር አውቃለሁ። አልደወልኩም። ይህን ጽፌ ፖስታውን አሽጌ፣ ሽማግሌዎቹ በጭቃው በእግር እንዳይዘገዩብኝ በሀጀራ ልጅ በሙስዓብ ሚኒባስ እጭናቸዋለሁ። አንተ እኔን አምስት ቀን አስለቅሰኸኛል፤ እኔ የወሰድኩብህ ደብዳቤ መጻፊያና ማንበቢያ ነው። ሲቃጠልህ ስማኝ ብዬ ነው። አላፈርኩበትም።

መሪጌታ፣ እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ዋኘው፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት «ውበቱ ማሰሪያውን አልፈታም፤ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ» በል።

ባይልም ይቀጥሉ መሪጌታ። እኔ እሱን አይደለሁም።

ከፖስታው ጋር የላክሁት ፌስታል ውስጥ የሀጀራ የጨርቅ መቀስ አለ። አበባው፣ ገመዱን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ቁረጥ፤ አንድ እንኳ እንዳታስቀር። ሸምበቆውን አንሳ። አትሸው፣ ቅቤ አትቀባው፣ ከፍ አድርገህም አትስቀለው፤ ከልቡ እኩል ይተኛ። በፍራሽ አድርጋችሁ ወደ ሚኒባሱ አውጡት። ሙስዓብ ሞተሩን አላጠፋም። ማርቆስ ሆስፒታል በር ላይ ሄለን ትጠብቃለች፤ የማን እግር እንደሆነ ይህን እንደጨረስኩ ደውዬ እነግራታለሁ፣ ስድቧንም እቀበላለሁ።

ይቅር ግን አላልኩህም፤ ሽማግሌዎቹ አስታረቅን ብለው እንዳያወሩ። ብዙዬ የተቀበረችው ከአቀበቱ ራስ ላይ ነው። በቀብሯ ቀን ሰው አዝሎ አወጣኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ብሞክር ከግማሹ ተመለስኩ። በአንድ እግር አይወጣም። ስለዚህ እግርህን ይዘህ ዳን። አጥንቱ ሲገጥም በሁለት እግርህ ትወጣና ያልኩህን ለእሷ ትነግራታለህ። እኔ ከታች ቆሜ እሰማለሁ፤ ጆሮዬ ደክሟል፣ ጮክ በል።

እስክትድን ድረስ ጠላትህ፣
ውበቱ